ተሸንፎ ማደር

ቢሮው ልኮኝ ነበር ዴሞክራሲ ልማር፣
በአሥራ ስድስት ቀን ሦስት ዋና ከተማ፣ ሦስት ባንዲራ ሥር።
ናይሮቢ በቡድን፣ ፕሪቶሪያ በቡድን፣ አክራም ተቧድነን
ግድግዳው ላይ ቢጫ ወረቀት ስንለጥፍ ዋልን፤
«ግልጽነት» አንድ ጥግ፣ «ተጠያቂነት» ከሷ ትንሽ ራቅ፤
ሻይ ሰዓት ሲደርስ ግን ለኬኩ ግፊያ ነው፣ ሰልፍም አይታወቅ።

ተመለስኩ።
አንገቴ ላይ ባጅ፣ በሻንጣዬ ሰርተፍኬት፣
ለአባባ የቁልፍ መያዣ፣ ዝሆን ያለበት።
ድሬ እንደ ልማዷ ሰባት ሰዓት ላይ ዘግታ ተኝታለች፤
የደቻቱ አሸዋ ይፋጃል፤ አንዲት ግመል ድልድዩ ሥር ቆማለች።
ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ባጃጆች በተርታ አንቀላፍተዋል፤
የድሮው ባቡር ጣቢያ ማንን ይጠብቃል?

አባቴ ሙሜ፣ የምድር ባቡር ሜካኒክ፣ ጡረታ ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት፣
ዛሬም በፈረንሳይኛ ነው የሚሳደበው፣ ብሎን እምቢ ሲልበት።
በረንዳው ላይ፣ ሽርጡን አጥብቆ፣ ማራገቢያ ሲጠግን አገኘሁት።
ዝሆኑን አገላብጦ፣ «ኩምቢው ተሰብሯል» ብሎ በኪሱ ከተተው፤
«እሺ ሂክማ፣ ምን አስተማሩሽ?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ከሚፈታው።

ደብተሬን ገልጬ ምሰሶዎቹ አምስት መሆናቸውን፣
የሥልጣን ክፍፍልን፣ የምርጫ ቦርድን
አነበብኩለት። ሰማኝ፣ እንደ ሬዲዮ፣ ብሎኑን እየፈታ።
ከዚያ ቀና አለና፣
«ይሄን ተይው፤ እዚያ የተሸነፈው ሰውዬ፣
ውጤት የተነገረ ለት፣ እንዴት አደረ ማታ?»

አገላበጥኩ። አልነበረም።
ከሠላሳ ሁለት ገጽ ውስጥ ስለ እንቅልፍ አንድ መስመር አልተጻፈም።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ማወቅ ነበረብኝ።
በስልሳ ስድስት፣ ጢሙ ገና ሲያቆጠቁጥ፣
በሊቶሪና ወጥቷል አዲስ አበባ፣ ሊማር ስለ ለውጥ፤
እሱና የጀጎሉ ልጅ ረምዚ፣ ሰዓቱን ለቲኬት የሸጠ፣
አዋሽ ላይ በመስኮት ወጥቶ «መጣንልሽ!» ያለ፣ ፉርጎውን ያስደነገጠ።
ሁለት ሆነው ሄደው፣ በሰባ አንዱ ተመለሰ፤
እጁ ላይ ጥንድ ጫማ ብቻ፣ ጋዜጣ የለበሰ።

ሌሊት ስሙ ሲጠራ፣ ጫማ ለማጥለቅ አልሰጡትም ጊዜ፤
ይሄን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷም አንድ ጊዜ።
የአባባ እግር አርባ ሁለት ነው ቁጥሩ፣
ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለው ሠላሳ ዘጠኝ። በየዓረፋው ያወርደዋል፣
ይቀባዋል፣ ይመልሰዋል፤ አይወራም ነገሩ።
መቀርቀሪያውን በየማታው ሦስቴ ይፈትሻል፤
በር ከተንኳኳ፣ ቆጣሪ አንባቢም ቢሆን፣ ትንፋሹን ይውጣል።

ያኔ ትዝ አለኝ፤
አክራ፣ የመጨረሻው ቀን፣ ስልኬ ሞቶ ሶኬት ፍለጋ ወጥቼ፣
ጠባብ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብቼ፣
ካኒቴራ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ። መስኮቱ ላይ ፀሐይ የሚከልል
ፖስተር፣ የራሱ ፊት፣ በከረቫት፣ ጥርሱን የገለጠ፣ «ምረጡኝ» የሚል።
«ተመረጥክ?» አልኩት። «በሁለት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ ወደቅሁ» አለና ሳቀ፤
«ሳምንት አልተኛሁም። ሚስቴ አኮረፈች። ከዚያ የአምፖል ዋጋ ጨመረ፣ ሐዘኑም አለቀ።
ያሸነፈኝ ሰውዬ እዚህ ማዶ ነው፤ ቢሮውን ያበራው ከእኔ በገዛው መብራት፤
ደግሞ በዱቤ ነው!» ብሎ ደብተር አወጣ፤ አየሁት፤ ስሙ ነበረበት።

ይህን ስነግረው አባባ ሳቀ፤
በሳቁ መሀል ብሎኑ ከእጁ ወደቀ፤
ወንበሩ ሥር ተንበርክኮ ሲፈልግ ቆየ፣ ከሚገባው በላይ።
ሲነሳ ዓይኑ ቀልቷል። «ላብ ነው» አለ፣ ሳልጠይቀው፤ «የድሬ ፀሐይ።»

«ዱቤውን ይከፍለዋል?»
«እንጃ።»
«ቢክድ ይከሰዋል?»
«ይመስለኛል።»
«እና ከከሰሰው በኋላ፣ እቤቱ ሄዶ ይተኛል?»

ማራገቢያው ዞረ፤ ነፋሱ ሞቃት።
እኔም ሪፖርት ጻፍኩ፣ ስምንት ገጽ፣ «ተሞክሮ» የሚል ርዕስ ያለበት።
ስለ ሱቁ አላነሳሁም።

በነጋታው ማልጄ ስወጣ፣ ተራራው ጀርባ ሳለች ፀሐይ ተደብቃ፣
መቀርቀሪያው ተስቧል፤ በሩ ገርበብ ብሏል።
ደጃፉ ላይ፣ ከነጠላ ጫማዬ ጎን፣ ከአባባ ሰንደል ጎን፣
ጥቁር፣ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር፣
የረምዚ ጫማ፤
ሰው አምሽቶ እንደገባ፣ እንደተኛ፣
ገና እንዳልነቃ።